ላሟ የኔ አይደለችም

ያንን ቅጽ ቀድጄ ብጥለው ደስ ባለኝ። አልጣልኩትም። መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ፣ ስናደድ ደግሞ ሥራዬን በደንብ እሠራለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ «ወጥ ነው፣ በጣም ግልጽ ነው፣ ሙሉ ነጥብ» ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። እኛ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተሠራው ሁሉ ታትሞ ካልተፈረመበት እንደተሠራ አይቆጠርም።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ያታክተኛል። ሶዶ ውስጥ «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ኮምፒውተር ላይ» እላለሁ፤ ጸሐፊ መስያቸው ያልፉኛል። እውነቱ እንዲህ ነው። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ፕሮጀክት ለገበሬዎች የስልክ መስመር ከፍቷል። ገበሬው ደውሎ በወላይትኛ ወይም በአማርኛ ይናገራል፤ የሚመልስለት ሰው ሳይሆን ኤአይ የሚሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ኤአዩ ግን ራሱ እጅ የለውም። ከጀርባው ዘጠኝ መሣሪያዎች ተዘጋጅተውለታል። አንዱ የገበያ ዋጋ ያያል፣ አንዱ ዝናብ ይኑር አይኑር ይነግራል፣ አንዱ የከብት ባለቤትነት ሲዛወር ይመዘግባል፣ አንዱ ደግሞ የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን በስልክ ጠርቶ «እዚህ ቦታ ድረስ» ይለዋል። ከየመሣሪያው ጋር አራት አምስት መስመር መግለጫ አለ፦ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ መቼ እንደማይጠራ። ኤአዩ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው ያችን መግለጫ ብቻ ነው። ላም አይቶ አያውቅም። ሁምቦ የሚባል አገር መኖሩን አያውቅም። የተጻፈለትን አንብቦ ይመርጣል።

የኔ ሥራ መግለጫዎቹ ኤአዩን ምን ያህል እንደሚመሩት መመዘን ነው። ገበሬ ይጠይቃል ብዬ የማስበውን ጥያቄ እጽፋለሁ፣ ለኤአዩ እሰጠዋለሁ፣ የትኛውን መሣሪያ እንደጠራ አያለሁ፣ ነጥብ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ሥራ እኮራ ነበር። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ፤ የተማሪ ድርሰት ሳርም የተጠቀምኩበት ቀይ እስክሪብቶ አሁን ማሽን የሚያርም መስሎኝ ነበር።

ሁምቦ የእናቴ ታናሽ እህት አለች። እናቴ ካረፈች ወዲህ እናቴም እሷ ናት። ስልሳን አልፋለች፣ ባሏ ሞቷል፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿ አግብተው ሄደዋል። ጓሮዋ አንዲት ቀይ ላም አለች። ላሟ ሶዶ የሚኖሩ የአንድ መምህር ናት። በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ላም ያለው ሣርና ጊዜ የለውም፣ ሣርና ጊዜ ያለው ደግሞ ላም የለውም። ስለዚህ አክስቴ ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ አዛባ ትጠርጋለች፤ ወተቱን ትጠጣለች፣ ለመምህሩ ቅቤ ትልካለች። በስምምነታቸው የመጀመሪያው ጥጃ የመምህሩ ነው። ሁለተኛው የአክስቴ።

የመጀመሪያው ተወልዶ፣ አድጎ፣ መምህሩ ወስደውታል። ባለፈው ዓመት ላሟ ሁለተኛውን አረገዘች። አክስቴ በሕይወቷ የራሷ የምትለው ከብት ኖሯት አያውቅም። ልጅ እያለች የአባቷን፣ ካገባች በኋላ የባሏን፣ ከዚያ የሰው። ስሄድ ቦዬ ቀቅላ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቅርባልኝ ሳልጨርስ እጄን ይዛ ወደ ላሟ ትወስደኝና «ንኪው፣ ይንቀሳቀሳል» ትለኛለች። የላሟን ሆድ እዳስሳለሁ። አንዳንዴ እውነትም ይንቀሳቀሳል።

የመስመሩን ቁጥር ስልኳ ላይ የመዘገብኩላት እኔ ነኝ። በዚያን ሰሞን የቀበሌው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ተቀይሮ ነበር፤ አዲሱን ልጅ ማንም አያውቀውም፣ በእግሩ ከመንደር መንደር ሲዞር ነው የሚውለው፣ ለገበሬውም «በመስመሩ ጥሩት» ተብሏል። «ምጥ ሲይዛት በዚህ ደውዪ» አልኳት። «ሰው አይደለም የሚያነሳው፣ ግን አትፍሪ፣ ወላይትኛ ይሰማል። እኔው ነኝ የፈተንኩት።»

እኔው ነኝ የፈተንኩት! እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች ያቺ ጉራ።

በአንድ ሐሙስ ጠዋት አክስቴ ሁለት ጊዜ ደውላልኝ አላነሳሁም። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ጠረጴዛው ላይ በግምባሩ ደፍቼዋለሁ። ስለ ምን ስንወያይ ነበር መሰላችሁ? የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሽፋን ላይ የበሬ ፎቶ ይሁን የእንሰት። ሦስት የተማሩ ሰዎች አርባ ደቂቃ በዚህ ተከራክረናል። እኔ ለእንሰቱ ነበር የቆምኩት።

ከስብሰባው ስወጣ መልሼ ደወልኩ። ያነሳችው የጎረቤት ሴት ናት። ከኋላዋ የወንዶች ድምፅ ይሰማል። «ጎትተው አወጡት» አለችኝ። «በሕይወት አልወጣም። ላሟም ወድቃለች።»

ላሟ በሦስተኛው ቀን ተነሳች። ጥጃው ወንድ ነበር።

ቅዳሜ ሄጄ አክስቴ ዘንድ ስቀመጥ ምን እንደተፈጠረ በደንብ አልነገረችኝም። «ደወልኩ፣ አልሆነም» ብቻ አለች። ኔትወርክ መሰለኝ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ የሐሙስን የስልክ ጥሪ ቅጂዎች ከፈትኩና ፈለግኋት። ጆሮ ማዳመጫውን አደረግሁ። መጀመሪያ የሰማሁት እሷን አይደለም፣ ላሟን ነው። ከዚያ አክስቴ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በወላይትኛ፦

«ደህና አደራችሁ። ላሟ የኔ አይደለችም፣ የሰው ናት፣ እኔ ጠባቂ ነኝ። ምጥ ይዟታል። አንድ እግሩ ብቻ ወጥቷል። ሰው ላኩልኝ።»

ኤአዩ ረጋ ባለ፣ በታረመ ድምፅ መለሰላት። «ስለደወሉ እናመሰግናለን። የጤና ሠራተኛ እንዲላክ መጠየቅ የሚችለው የእንስሳው ባለቤት ነው። እባክዎ ባለቤቱ እንዲደውሉ ይንገሩ።»

«ባለቤቱ ከተማ ናቸው። ክፍል ውስጥ ናቸው። ስልክ አያነሱም።»

«ሁኔታውን እንረዳለን። ባለቤቱ ሲገኙ በዚህ ቁጥር መደወል ይችላሉ። ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?»

አክስቴ «የለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። አመሰገነችው! ጥጃዋ እየሞተ፣ ማሽኑን አመስግና ስልኩን ዘጋች።

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ አይታኝ መልሳ አቀረቀረች። ግልፍተኛ መሆኔን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ተሸክሜ ኃላፊያችን ክፍል ገባሁ። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህም ያናድደኛል። ቅጂውን አስተረጎምኩለት፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ግን ኤአዩ ፌል አላደረገም እኮ» አለኝ። «መግለጫው ‹ደዋዩ ባለቤት ካልሆነ አትጥራ› ነው የሚለው። አልጠራም። ኢንስትራክሽኑን ፎሎው አድርጓል።»

«ጥጃው ሞቷል።»

«እሱ ያሳዝናል፣ አዝናለሁ። ግን የዩዘር ችግር ነው። ሴትየዋ ‹ላሜ› ብትል ኖሮ ሠራተኛው በሃያ ደቂቃ ይደርስ ነበር። ማን ባለቤት ነሽ ብሎ ጠየቃት? ራሷ ነች ያመጣችው።»

«ሴትየዋ» አልኩት «አክስቴ ናት።»

ፊቱ ተለወጠ። ወንበር ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ጮኽኩበት። ምን እንዳልኩ ሁሉን አላስታውስም፤ ላም ዓይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ላም እንዲጽፍ ማን ፈቀደለት፣ ያንን መስመር የጻፈ እጅ ይቆረጥ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረው።

«መጀመሪያ እንደዚህ አልነበረም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያንቺ ኮሜንት ነው።»

የድሮው መግለጫ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «እንስሳ ሲታመም ወይም መውለድ ሲያቅተው የጤና ሠራተኛ ለመጥራት ይጠቅማል።» አበቃ። ከጎኑ እኔ የጻፍኩት አለ፦ «መቼ እንደማይጠራ አልተገለጸም። ነጥብ ተቀንሷል። ይስተካከል።» እሱም አስተካክሏል። ለማስተካከል ብዙ አልደከመም፤ የባለቤትነት ዝውውር ከሚመዘግበው መሣሪያ ላይ «ባለቤት ካልሆነ አትጥራ» የሚለውን መስመር ገልብጦ እዚህ ለጠፈው። እዚያ ቦታው ነው፤ የሰው ከብት በስምህ አታዛውርም። እዚህ ግን ምን ይሠራል? ለወጥነት ነው አለኝ። እኔም ወጥነቱን አይቼ አደነቅሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ፣ አሳተምኩ፣ ፈረምኩ።

ከክፍሉ ወጣሁ። በእሱ ብቻ ብናደድ ቀላል ነበር።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ለዚያ መሣሪያ የጻፍኳቸውን አርባ የመፈተኛ ጥያቄዎች አንድ በአንድ አነበብኩ። ላሜ አትበላም። በሬዬ ያነክሳል። ፍየሌ ሆዷ ተነፍቷል። ላሜ መውለድ አቅቷታል። አርባ ጊዜ ጽፌያለሁ፣ አርባ ጊዜ የኔ፣ የኔ፣ የኔ ብያለሁ። ኤአዩም አርባውንም ጊዜ ሳይሳሳት ሠራተኛውን ጠርቷል። እንዴት ይሳሳታል? የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሻይ እየጠጣሁ።

የባሰው ሌላ ነው። ይህን ለኃላፊዬም አልነገርኩትም።

ያደግሁት ጉኑኖ አካባቢ ነው። እናቴም የሰው ላም ታረባ ነበር። ባለቤቱ ከተማ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፣ እናቴ የመምጫቸውን ቀን ካወቀች ላሟን አጥባ ትጠብቃቸዋለች። አንድ ቀን፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼን አስከትዬ መጣሁና «ላማችንን እዩ» አልኳቸው። እናቴ ሰማች። ልጆቹ እስኪሄዱ ታገሰች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ላሟ ፊት አቆመችኝና «ምንድን ነው ያልሽው?» አለችኝ። ደገምኩላት። «የሰው ናት በይ» አለች። አልኩ። «ጮክ ብለሽ።» ጮክ ብዬ አልኩ። እናቴ ራሷም ለእንስሳት ሐኪም፣ ለጎረቤት፣ መንገድ ላይ ላገኘችው ሰው ስለ ላሟ አፏን ስትከፍት መጀመሪያ የምትለው ይህንኑ ነበር። የሰው ናት። የሰው ሀብት በእጁ ያለ ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ተጠይቆ ከተናገረማ ሊደብቅ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። አክስቴንም ያሳደገቻት እሷው ናት፣ ታላቅ እህቷ።

ልጅ ሆኜ የጠጣሁት ወተት በሙሉ የሰው ላም ወተት ነው። ያም ሆኖ አርባ ጥያቄ ስጽፍ አንዱ ውስጥ እንኳን የእናቴ ድምፅ አልመጣልኝም። ኃላፊዬ ባያውቅ አዲስ አበባ አድጎ ነው። እኔ ምን ልበል?

መግለጫውን በዚያው ቀን ጻፍኩት። «እንስሳ ሲታመም ወይም መውለድ ሲያቅተው ጥራ። የደወለው ባለቤቱ፣ ጠባቂው፣ ጎረቤቱ፣ አላፊ አግዳሚውም ቢሆን ጥራ። ላሟ የማን እንደሆነች አትጠይቅ፤ ደዋዩ የኔ አይደለችም ቢልም ጥራ።» ላክሁት። ኃላፊዬ መጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ።

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሰው መጥቶ ላሙን መርፌ ቢወጋበትስ?» አለኝ።

«የሰው ላም ስትሞት ቆሞ ፈቃድ የሚጠብቅ ጎረቤት የት ነው ያየኸው?»

«ይገባኛል፣ ግን በአንድ ኬዝ መግለጫ አይቀየርም። ኤቪደንስ ያስፈልገናል።»

ኤቪደንስ! የሞተ ጥጃ አንድ ኬዝ ነው። በገበያ ቀን ሁምቦ ወረድኩ። ያ ሙቀት፣ ያ አቧራ፤ ጋሪ ላይ የተቀመጡትን፣ በቆሎ የሚሸጡትን፣ ከብት ተራ የቆሙትን እየዞርኩ «ቤትህ ያለችው ላም ብትታመም ስልክ አንስተህ ምን ትላለህ? እንደምትለው በለው» እያልኩ በማስታወሻ ደብተር ጻፍኩ። ሰዎቹ ሳቁብኝ፣ ግን ነገሩኝ። «የወንድሜ ላም ናት» አለ አንዱ። «የእማማ እከሊት ናት፣ እኔ ግማሽ ድርሻ አለኝ» አለች አንዷ። «በሬው የሁለታችን ነው፣ የሱ ተራ ነበር» አለ ሌላው። «ላሜ» ያሉም ነበሩ። ብዙዎቹ ግን ስለ በሽታው ሳይነግሩኝ በፊት የማን እንደሆነች ነገሩኝ። ማንም አልጠየቃቸውም።

በማግስቱ ያንን ሁሉ ለኤአዩ በአሮጌው መግለጫ አነበብኩለት፤ ኃላፊዬ አጠገቤ ተቀምጦ። አንዱን «ባለቤቱ ይደውሉ» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን መለሰ። ሦስተኛውንም በዚያው በታረመ ድምፁ አመስግኖ መለሰ። አሥረኛው ላይ ኃላፊዬ «በቃ» አለ። በአዲሱ መግለጫ ስንሞክር ለሁሉም ሠራተኛ ጠራ። ይህም ሆኖ አንዲትን መስመር ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ፈራሚ የመስክ ጉዞ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። በአሥራ አንዱም ቀን ጠዋት ጠዋት ቅጂዎቹን ከፍቼ «ባለቤቱ እንዲደውሉ ይንገሩ» የተባለ ሰው እንዳለ አይ ነበር። ነበረ።

ሲስተካከል አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፣ ደግሞም ላሳያት። ሠራተኛው በከንቱ እንዳይመጣ መስመሩን ለሙከራ አዘጋጅቼዋለሁ። ጓሮ ወጣን። ቀይዋ ላም ከስታለች፣ ግን ትበላለች። ለአክስቴ ስልኳን ሰጠኋት።

«ያን ቀን ያልሽውን ድገሚለት» አልኳት። «አሁን ይሰማሻል።»

ደወለች። ሲነሳ ላሟን ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ላሜ ታማለች። የኔ ናት። የራሴ ናት።»

ኤአዩ ወዲያው «የጤና ሠራተኛ እየጠራንልዎት ነው» አላት። ስልኩን ዘግታ አቀረቀረች።

«እንዲህ አይደለም» አልኳት። «እውነቱን ንገሪው። አስተካክዬዋለሁ እኮ፤ የሰው ናት ብትዪውም ይልካል።»

«ይልክ ይሆናል፣ ልጄ» አለችኝ። «ጎረቤቶቼም እንዲህ በሉት ተባብለዋል፤ ሁሉም የኔ ናት ነው የሚለው አሁን። ባይልክስ? እኔ ሌላ ጥጃ የለኝም የምሞክርበት።»

«መምህሩ ቢሰሙ ይቆጡሻል?»

«እሳቸው አይቆጡም» አለችና የላሟን ጀርባ ዳበሰች። «እህቴ ብትኖር ነበር የምትቆጣ።»

ላሟ ፊት ያቆመኝ የእናቴ እጅ ክንዴ ላይ ያለ መሰለኝ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ስጮህበት የከረምኩት ኃላፊዬ ቢሮው ቀርቷል፤ እዚህ ጓሮ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

ወደ ሶዶ ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የሙከራ ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሞላሁት። «ትክክለኛውን መሣሪያ መርጧል?» ይላል። አዎ። «መግለጫው ግልጽ ነው?» አዎ። «የደዋዩ ጥያቄ ተመልሷል?» አዎ። ከሥሩ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አክስቴ ስልሳ ዓመት እውነት ስትናገር ኖራ መዋሸትን የተማረችው ከኔ መሆኑን ጻፍኩና ፈረምኩበት።